ጀፎረው የማን ነው?

አንድ ነገር የማን እንደ ሆነ በውል የሚታወቀው በሰላሙ ቀን አይደለም፤ ባለቤቱ ሊለውጠው በተነሣ ቀን ነው። ተከራይ ዓመታት ሙሉ ተደላድሎ ሲኖር ቤቱ የራሱ ይመስለዋል፤ አከራዩ ግድግዳውን ሊያፈርስ ሠራተኛ ይዞ የመጣ ለት ግን ነገሩ ሁሉ ይገለጥለታል። ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ጉዳይም ይህን የመሰለ ነው። ይኸውም ፌስቡክ፥ ቴሌግራም፥ ቲክቶክና ዩቱብ እየተባሉ የሚጠሩት የማኅበራዊ መገናኛ አደባባዮች በየጊዜው ሲለዋወጡ፥ ኑሮውን በእነርሱ ላይ የመሠረተው ሕዝብ በለውጡ ላይ ምን ሥልጣን አለው? የሚል ጥያቄ ነው።

ጥያቄው የሩቅ አገር ሰዎች ጥያቄ እንዳይመስለን ወደ ጉብሬ እንሂድ። ጉብሬ ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የጉራጌ ከተማ ናት። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከአገሪቱ ማዕዘን ሁሉ የመጣ ወጣት የሚማርባት ስፍራ ሆናለች። በእንዲህ ያለ ስፍራ ተማሪው የትምህርቱን ጽሑፍ በቴሌግራም ይቀባበላል፤ ልብስና ጫማ የሚነግደው ወጣት ዕቃውን በቲክቶክና በቴሌግራም ያሳያል፤ ልጁ በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ማዶ የሚኖርበት ቤተሰብም ሠርጉንና ለቅሶውን በፌስቡክ የቀጥታ ሥርጭት ያካፍላል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ርቀትን አጥፍቷል፤ ወጪን ቀንሷል፤ ዘመድን ከዘመድ አገናኝቷል።

የጉራጌን መንደር ያየ ሰው ሁሉ ጀፎረን ያውቃል። ጀፎረ በመንደሩ መካከል ሰፊ ሆኖ የሚያልፍ፥ ሣር የለበሰ፥ ቤቶች በግራና በቀኝ ተሰልፈው ፊታቸውን የሚያዞሩበት የጋራ መንገድ ነው። ከብት ያልፍበታል፤ ልጆች ይጫወቱበታል፤ ሠርግ ይደምቅበታል፤ ለቅሶ ይለቀስበታል፤ ሽማግሌዎች ለምክር ይሰበሰቡበታል። ከጀፎረው ጥቂት ክንድ ቆርሶ ወደ ግቢው የሚያጥር ሰው ቢገኝ በባህሉ ሕግ ይጠየቃል። ጀፎረው የሁሉ ነውና የአንድ ሰው ሊሆን አይችልም።

እነሆ ዛሬ ሕዝባችን ሁለተኛ ጀፎረ በእጅ ስልኩ ውስጥ አግኝቷል። በዚህም ጀፎረ ላይ ሠርግ ይታያል፤ ለቅሶ ይነገራል፤ ገበያ ይቆማል፤ ምክር ይመከራል። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ታላቅ ልዩነት አለ። የመንደሩ ጀፎረ ባለቤቶቹ በግራና በቀኝ የተቀመጡት ሰዎች ናቸው፤ የስልኩ ጀፎረ ባለቤቶች ግን በባሕር ማዶ ያሉ ጥቂት ኩባንያዎች ናቸው። እነርሱም መንገዱን ለማጥበብ፥ ለማዞር፥ ስሙን ለመለወጥ፥ ፈጽሞም ለመዝጋት ሲፈልጉ የጉብሬን ሰው ቀርቶ የገዛ አገራቸውን ሰው እንኳ አይጠይቁም።

ይህን ያልነው በግምት አለመሆኑን ለማስረዳት ጥቂት ምሳሌዎችን እናቅርብ፤ ዓመቶቹም ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ የተባለው ኩባንያ አንድ ማስታወቂያ አወጣ። ከዚያ በፊት በፌስቡክ በቀጥታ የተሠራጨ ምስል ሰውዬው ራሱ ካላጠፋው በቀር በገጹ ላይ ተቀምጦ ይኖር ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አዲስ የቀጥታ ሥርጭት ሁሉ ከ30 ቀን በኋላ እንዲጠፋ፥ ቀድሞ የተከማቸውም እንዲወገድ፥ ባለገጹም ማስታወቂያ ከደረሰው ጀምሮ በ90 ቀን ውስጥ ቅጂውን እንዲያወርድ ተወሰነ። ጊዜ ተሰጥቷልና ፈጽሞ ግፍ ነው አንልም። ይሁን እንጂ የይለፍ ቃሉን የረሳው፥ ስልኩ የጠፋበት፥ ማስታወቂያው በማያውቀው ቋንቋ የደረሰው ሰው ምን ያድርግ? ገጹን የከፈተው ሰው ራሱ በሞት የተለየ እንደ ሆነስ የአያቱን ምርቃት፥ የእኅቱን ሠርግ፥ የአባቱን የቀብር ሥነ ሥርዓት ማን ያውርድለት? ኩባንያው ከማከማቻው ላይ ሸክም አቀለለ፤ ከአንድ ቤተሰብ ላይ ግን ዳግመኛ የማይገኝ መታሰቢያ ሊወሰድበት ይችላል።

በጥር 2010 ዓ.ም. ዩቱብ ሌላ ለውጥ አደረገ። ቀድሞ በጠቅላላው 10 ሺህ ጊዜ የታየ ቻናል ሁሉ ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል ማመልከት ይችል ነበር። በአዲሱ ደንብ ግን አንድ ቻናል 1 ሺህ ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4 ሺህ የመታያ ሰዓት ከሌለው ገቢው እንዲቀር ሆነ። ደንቡ ወደ ፊት የሚመጡትን ብቻ የሚመለከት አልነበረም፤ ቀድሞ ተፈቅዶላቸው ያገኙ የነበሩትንም አስቀረባቸው። ትዊተር የተባለው አደባባይ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በ44 ቢሊዮን ዶላር ለአንድ ባለጸጋ ተሸጦ፥ የታወቁ ሰዎችን ከአስመሳዮች ይለይ የነበረው ምልክት ወርኀዊ ክፍያ ለከፈለ ሁሉ የሚሰጥ ሆነ፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ስሙ ራሱ ተለውጦ ኤክስ ተባለ። ቴሌግራምም በመስከረም 2017 ዓ.ም. ደንቡን ለውጦ፥ የደንብ ተላላፊዎችን የስልክ ቁጥርና የኢንተርኔት አድራሻ በሕግ ለሚጠይቁ ባለሥልጣኖች ሊሰጥ እንደሚችል አስታወቀ። ወንጀለኛን ለመያዝ ይህ የሚያስፈልግ ነው የሚል ብዙ ሰው አለ፤ ነገር ግን ቀድሞ በሌላ ውል የገባው ሰው ውሉ ሲለወጥ አስተያየቱን የሚሰጥበት ሸንጎ አልነበረም።

ከመለወጥ አልፎ የተዘጋም አለ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ጉግል ፕላስ የተባለው አደባባይ ተዘጋ። በዚያው ወር ማይስፔስ የተባለው ቀድሞ እጅግ ገናና የነበረው አደባባይ፥ በመጀመሪያዎቹ 12 ዓመታት የተከማቸው ዘፈን ከማከማቻ ወደ ማከማቻ ሲዛወር እንደ ጠፋ አመነ። የጠፋውም 50 ሚሊዮን የሚሆን ዘፈን እንደ ሆነ ተነግሯል። ከእነዚያ ዘፋኞች ብዙዎቹ ሌላ ቅጂ አልነበራቸውም፤ ታላቅ ኩባንያ የያዘው አይጠፋም ብለው ነበርና።

አንባቢ ሆይ፥ ታዲያ ተጠቃሚው እንዲመርጥ ተጠይቆ አያውቅምን? የሚል ሐሳብ ቢመጣብህ አንድ ጊዜ ተጠይቆ ነበር። ታሪኩም ሊታወቅ ይገባዋል። ፌስቡክ በ2001 ዓ.ም. በደንቡ ለውጥ ምክንያት ታላቅ ተቃውሞ ሲነሣበት፥ ከእንግዲህ ወዲህ ዋና ዋና ደንቦችን ስለውጥ ተጠቃሚዎች ድምፅ ይሰጣሉ ሲል ቃል ገባ። ነገር ግን ድምፁ የሚጸናው ከተጠቃሚዎቹ ከመቶው 30 የሚበልጡት ድምፅ ሲሰጡ ብቻ ነው የሚል ቃል ጨመረበት። በኅዳር 2005 ዓ.ም. መጨረሻ ይህ የድምፅ መብት ራሱ ይቅር ወይስ አይቅር በሚል ጉዳይ ድምፅ ተሰጠ። ከ668 ሺህ የሚበልጥ ሰው ድምፁን ሲሰጥ፥ ከመቶው 88 ያህሉ ለውጡን ተቃወመ። ሆኖም በዚያን ጊዜ የፌስቡክ ተጠቃሚ ከ1 ቢሊዮን በላይ ስለ ነበረ ድምፁ እንዲጸና 300 ሚሊዮን ያህል ሰው ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ የ88ቱ እጅ ቃል እንደ ምክር ብቻ ተቆጠረና የድምፅ መብቱ ተሻረ። ለመሆኑ የዕድራችን ደንብ ሊለወጥ የሚችለው የዓለም ሕዝብ ሲሶ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲሰበሰብ ነው ቢባል፥ ይህ ለአባሎች ሥልጣን መስጠት ነው ወይስ ሥልጣን የሰጡ መስሎ መታየት?

አንዳንድ ሰው፥ የስልክ ገጽ መልኩ ቢለዋወጥ ምን ያህል ጉዳት አለው? ይል ይሆናል። ጉዳቱ ከመልክ ያለፈ ነው። በእነዚህ አደባባዮች ላይ ከሚጻፈው እልፍ ቃል የትኛው ወደ ሰው ዓይን ቀድሞ እንደሚደርስ፥ የትኛውም እንደሚሸሸግ የሚወስነው አልጎሪዝም የተባለው የስሌት ሥርዓት ነው። ፌስቡክ በጥር 2010 ዓ.ም. ይህን ስሌት ለውጦ፥ ሰዎች ብዙ አስተያየት የሚለዋወጡበትን ጽሑፍ ከፍ እንዲያደርግ አዘዘ። ዓላማው ወዳጅን ከወዳጅ ማቀራረብ ነው ተባለ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ፍራንሲስ ሆገን የተባለች የኩባንያው ሠራተኛ የነበረች ሴት ያወጣቻቸው የውስጥ ሰነዶች ግን፥ የኩባንያው ተመራማሪዎች ራሳቸው ይህ ለውጥ ቁጣንና ጠብን የሚያነሣሣውን ቃል እያጎላ መሆኑን አስጠንቅቀው እንደ ነበር አሳዩ። ብዙ አስተያየት የሚያስከትለው ሁልጊዜ መልካም ቃል አይደለምና።

በዚህ ረገድ አገራችን ከባድ ሐዘን አይታለች። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሜታ ላይ ክስ አቀረበ። የክሱም ቃል፥ ከግድያው በፊት በአባቱ ላይ የሚያነሣሣ ጽሑፍ በፌስቡክ ተሠራጭቶ እንደ ነበር፥ እንዲነሣ ቢያመለክትም በጊዜው እንዳልተነሣለት፥ ስሌቱም እንዲህ ያለውን ጽሑፍ እንዳያጎላ እንዲታረም የሚል ነው። ሜታ የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም ብሎ ቢከራከርም፥ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ። ስለ ፍርዱ ውስጣዊ ነገር መናገር የዳኞች ፈንታ ነው። እኛ የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ አንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ ስለ አባቱ ደም ለመጠየቅና የአደባባዩ ሥርዓት እንዲታረም ለማመልከት ናይሮቢ ድረስ መሄድ አስፈልጎታል።

ለኩባንያዎቹም የሚከራከርላቸው ሰው ያለ ምክንያት አይናገርም። አገልግሎቱ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው፤ የማይወድ ሰው ይውጣ፤ ደግሞም አጭበርባሪና ክፉ ሰው በየቀኑ አዲስ ዘዴ ስለሚያመጣ ያለ ለውጥ መኖር አይቻልም ይላል። ከዚህ ውስጥ የመጨረሻው እውነት ነው፤ የማይለወጥ ነገር ይሞታል። ነገር ግን ያለ ክፍያ ነው የሚለው ቃል ሙሉ አይደለም። ተጠቃሚው ገንዘብ ባይከፍል ጊዜውንና ዓይኑን ይሰጣል፤ ኩባንያውም ይህን ለአስታዋቂ ነጋዴ ይሸጣል። የማይወድ ይውጣ የሚለውም እንደዚሁ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ከገበያ ቢወጣ ገበያው አይፈርስም፤ እርሱ ግን ገበያ ያጣል። ደንበኞቹ በሙሉ በአንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ ያሉበት ነጋዴ፥ ቻናሉን ትቶ ሲሄድ ደንበኞቹን በከረጢት ቋጥሮ አይወስዳቸውም።

ብዙዎች በአንድነት ሲነሡ ግን ኩባንያዎቹም ይሰማሉ። ዋትስአፕ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. አዲሱን ደንብ እስከ የካቲት 1 ቀን ድረስ ያልተቀበለ ሰው አገልግሎቱን ሊያጣ እንደሚችል ባስታወቀ ጊዜ፥ በመላው ዓለም ያለ ሰው ወደ ሌሎች መገናኛዎች መፍለስ ጀመረ። በዚህም ምክንያት ኩባንያው ቀኑን ወደ ግንቦት 7 ቀን ለማስተላለፍ ተገደደ። እንግዲህ የተጠቃሚው ኀይል ፈጽሞ የለም አይባልም፤ ያልተደራጀና ሕግ ያልደገፈው ነው እንጂ።

ጥፋቱ በመለወጡ እንዳይደለ ከገዛ አባቶቻችን ሥርዓት እንማራለን። የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሌዎች በየጆካ ሸንጎ ተሰብስበው ቂጫ የተባለውን የባህል ሕግ ይደነግጋሉ፤ ይተረጕማሉ፤ እንደ ጊዜውም ያሻሽላሉ። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው በ19ኛው ምዕት ዓመት የቃቄ ውርድወት የተባለች ሴት በዚህ ሸንጎ ፊት ቆማ፥ በጋብቻ ሥርዓት ሴቶች ስለሚደርስባቸው በደል ሽማግሌዎችን ሞግታለች። ሸንጎው የወንዶች ሸንጎ ነበር፤ ነገሩም ለሽማግሌዎች እንግዳ ነበር። ሆኖም ቦታው ይታወቃል፤ ሰዎቹም ይታወቃሉ፤ እርስዋም በእግርዋ ሄዳ ልትናገር ችላለች፤ ሙግትዋም ይኸው እስከ ዛሬ ይነገራል። በዛሬው ጀፎረ ላይ ግን አንድ የጉብሬ ነጋዴ ገጹ በስሕተት ቢዘጋበት የት ሄዶ ይቁም? ፊት ለፊቱ የሚያገኘው ሰው አይደለም፤ ከብዙ ቀን በኋላ የሚደርሰው አንድ ዓይነት መልስ ነው። የለውጥ ክፋቱ አዲስነቱ አይደለም፤ የሚነካው ሰው የሚናገርበት ደጅ ማጣቱ ነው።

ስለዚህ ተጠቃሚው ሊጠይቅ የሚገባው መብት ሦስት ነው ብለን እናምናለን። አንደኛው፥ ለውጥ ከመምጣቱ አስቀድሞ በሚገባው ቋንቋ፥ በአማርኛም ሆነ በሌላው የአገራችን ቋንቋ፥ እንዲነገረው ነው። ሁለተኛው፥ የሚጎዳው እንደ ሆነ አቤቱታውን ሰው እንዲሰማውና ምክንያት ያለው መልስ እንዲያገኝ ነው። ሦስተኛው፥ አልስማማም ቢል የጻፈውን፥ የሳለውንና ያከማቸውን ይዞ ለመውጣት እንዲችል ነው።

ይህ የማይቻል ምኞት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በጸናው የመረጃ ጥበቃ ሕጉ፥ ሰው ለኩባንያ የሰጠውን የግል መረጃ ተቀብሎ ወደ ሌላ የመውሰድ መብት ሰጥቷል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በትልልቆቹ አደባባዮች ላይ በጸናው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ፥ ኩባንያዎቹ በደንባቸው ላይ ከባድ ለውጥ ሲያደርጉ ለተጠቃሚው እንዲያሳውቁ፥ ጽሑፍ ሲያነሡ ምክንያቱን እንዲገልጹ፥ አቤቱታም እንዲቀበሉ አዝዟል። ከዚህም በላይ የተጠቃሚውን ጠባይ በመሰለል ያልተመሠረተ ሌላ የአቀራረብ ምርጫ እንዲሰጡት አስገድዷል። ኩባንያዎቹም አደባባያቸውን ይዘው ከአውሮፓ አልወጡም፤ ለሕጉ ተስማምተው ሥራቸውን ቀጠሉ እንጂ።

በአገራችንም መሠረት ተጥሏል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። የመጀመሪያው ክፉ ቃልን ለመግታት፥ ሁለተኛው የሰውን ምሥጢር ለመጠበቅ የታሰበ ነው፤ ሁለቱም ስለ አደባባዩ መለዋወጥ በተለይ የተጻፉ አይደሉም። እንግዲህ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ቀጥሎ ያለውን ደረጃ ሊያስቡበት ይገባል። አንድ አገር ብቻውን በእነዚህ ኩባንያዎች ፊት ድምፁ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ የአፍሪካ አገሮች በአንድነት ሲናገሩ ግን ትንሽ አይሆንም።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም በዚህ ረገድ ራሳቸውን ሊመረምሩ ያስፈልጋል። ዛሬ ስለ ቅጥር፥ ስለ ጨረታ፥ ስለ ምዝገባና ስለ ፈተና የሚወጣ ማስታወቂያ አንዳንድ ጊዜ በፌስቡክ ገጽ ወይም በቴሌግራም ቻናል ብቻ ሲነገር ይታያል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፥ ቴሌግራም፥ ቲክቶክና ዩቱብ በአገራችን ተገድበው በነበረ ጊዜ ይህ ልማድ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ታይቷል። እርሱ የአገር ውስጥ ገደብ ነበር እንጂ የኩባንያዎቹ ለውጥ አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። የሕዝብ ጉዳይ ሌላ ሰው በቁልፍ በያዘው ቤት ውስጥ ብቻ ሊቀመጥ አይገባውም። ማስታወቂያው በመሥሪያ ቤቱ የራሱ ድረ ገጽ፥ በግድግዳው ሰሌዳ፥ በሬዲዮና በጋዜጣ ይውጣ፤ ከዚያ በኋላ በፌስቡክም ይነገር።

ሕግ እስኪመጣ ድረስ ግን ተጠቃሚው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አያሻውም። ፌስቡክና ዩቱብ የገዛ ራስን ጽሑፍና ምስል ለማውረድ የሚያስችል ስፍራ አላቸው፤ ቴሌግራምም በኮምፒውተር የሚከፈተው እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ ቤተሰብ የሠርጉንና የለቅሶውን ምስል በፍላሽ ወይም በሌላ ማከማቻ፥ ቢቻል በሁለት ቦታ ያስቀምጥ። ነጋዴ የደንበኞቹን ስም ዝርዝርና ስልክ ቁጥር በፈቃዳቸው በደብተር ይያዝ። ተማሪዎችም ዋና ዋና ጽሑፎችን በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ዘንድ እንዲቀመጡ ያድርጉ። በብራና የሚጽፉ አባቶቻችን አንዱ መጽሐፍ ቢቃጠል ሌላው እንዲተርፍ እየገለበጡ በየደብሩ ማኖራቸው ለዚህ ዘመንም የሚበቃ ጥበብ ነው።

የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ ዓ.ም. መንግሥት መንገድ እስኪሠራላቸው ብቻ ሳይጠብቁ ገንዘብ አዋጥተው፥ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቁመው መንገድ ማሠራታቸው የታወቀ ነው። በሌላ ሰው መንገድ መሄድ ነውር አይደለም፤ የሁላችንም ኑሮ በብዙ ነገር በሌላው መንገድ የሚያልፍ ነው። ነገር ግን በሌላ ሰው መንገድ የሚሄድ ሰው መንገዱ የማን እንደ ሆነ ያውቅ ዘንድ፥ ስንቁንም በገዛ እጁ ይይዝ ዘንድ፥ መንገዱ ሲዞርም ለምን? ብሎ ለመጠየቅ ከባልንጀሮቹ ጋራ ይቆም ዘንድ ይገባዋል።